የጎባው ሳንቡክ

አያ ሐጎስ ማረፉን የነገረችኝ ባለቤቴ ብርቄ ናት። እንጨት እየጠረብሁ ነበር። ቀና ብዬ አየኋትና ከአፌ መጀመሪያ የወጣው ቃል «በዚህም ቀደመኝ» የሚል ሆነ። ብርቄ አፈረችብኝ፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ ልቅሶው ሄደች። እኔም መጥረቢያዬን አስቀምጬ ተከተልኋት፤ ቀብሩ ላይም ከሰው እኩል አለቀስሁ። ለእሱ ይሁን ለራሴ ያለቀስሁት ግን እስካሁን አልለየሁትም።

ክፉ ላወራበት አይደለም የተነሣሁት። የሚወራ ክፉ ነገር ቢኖረው ኖሮ የእኔ ኑሮ በቀለለ ነበር።

ጎባ እሱ በመጣ ጊዜ ከተማ ለመባል ገና ናት። ከሰሜን ከፊታውራሪው ጋር የመጣን ወታደሮችና የወታደር ቤተሰቦች የቀለስናቸው ጎጆዎች፣ በእንጨት አጥር የተከበበ የፊታውራሪው ግቢ፣ አንድ ጅምር ቤተ ክርስቲያን፣ ይኸው ነው። ሮቤ ደግሞ ሜዳ ነበረች፤ ረቡዕ ረቡዕ ገበያ ይቆምባታል፣ በማግስቱ ጭር ትላለች። አገሩ የኦሮሞ ነው። እኛ መጥተን ሰፈርንበት፣ መሬቱን ተከፋፈልነው፣ ባለቤቱን ገባር አደረግነው። ቤታችን የቆመበት እንጨት እንኳ ከሃረና ደን በገባር ትከሻ የመጣ ነው። እኔ የመንዝ ሰው ነኝ፣ የአናጢ ልጅ አናጢ። በጎባ የተገጠመ በር ሁሉ፣ የፊታውራሪው አልጋ፣ የካህናቱ መቋሚያ ሳይቀር ከእጄ የወጣ ነው። «ደስታን ጥሩት» ሲባል የትኛውን ደስታ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

አያ ሐጎስ ከኋላ ከደረሱት ወታደሮች ጋር መጣ። የትግራይ ሰው ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲቆም እግሮቹን ሰፋ አድርጎ የሚቆም፣ ልክ መሬቷ ከሥሩ እንደምትወዛወዝ። ልጅ ሳለ፣ በክፉ ቀን፣ ከብቱ አልቆ ሰው በየመንገዱ ሲወድቅ፣ ብቻውን ቁልቁል ወርዶ ምጽዋ ገባ። እዚያ ዓሣ በሚያጠምድ ሳንቡክ ላይ አደገ። ሳንቡክ ማለት ዐረቦች በቀይ ባሕር የሚነዱት፣ በሸራ የሚሄድ የእንጨት መርከብ ነው። ይህን ያወቅነውም ከእሱ ነው፤ ከእኛ መካከል ባሕር ያየ ማንም አልነበረም።

ክረምት ገብቶ ጉሙ ከሳነቴ ተራራ ወርዶ ቤቱን ሁሉ ሲውጠው፣ አያ ሐጎስ ደጁ ላይ ተቀምጦ እንጨት ይቀርጽ ጀመር። ምን እንደሚሠራ ጠየቅሁት፤ «ያደግሁበትን ሳንቡክ» አለኝ። መጫወቻ መስሎኝ ሳቅሁ።

መጫወቻ አልነበረም። አንዲት አጠር ያለች ዱላ ነበረችው፤ በልጅነቱ በገዛ ክንዱ ልክ የቆረጣት ናት። ነፋስ ጠፍቶ ሳንቡኩ ወደብ ላይ በሚቆምባቸው ቀናት፣ ልጅ የሚያደርገውን ሲያጣ እንደሚያደርገው፣ መርከቡን በዚያች ዱላ ሲለካ ይውል ነበር። ርዝመቱን፣ ወርዱን፣ የእያንዳንዱን ሳንቃ ስፋት፣ የምሰሶውን ቁመት እንደ ዳዊት በቃሉ ይዞታል። አሁን ደግሞ በዱላዋ አንድ ክንድ የነበረውን ሁሉ ወደ አንድ ጣት አውርዶ፣ ምንም ሳይጨምር ምንም ሳይቀንስ ሊሠራው ተነሣ። «ማን አይቶት ያውቃል? ብታሳጥረውስ ማን ይከስሃል?» አልሁት። ተሳስቼ እንደሆነ ለማየት ያህል አየኝና ወደ ሥራው ተመለሰ።

እኔ እንጨት ስመርጥ ቀጥ ያለውን ነው። እሱ የሚፈልገው ጎባጣውን ሆነ። የወይራ ቅርንጫፍ ከግንዱ ታጥፎ የሚወጣበትን ቦታ እየዞረ ያይና «ይኼ የጎን አጥንት ነው» ይላል። እንጨት የሚያመጡልን ሰዎች እኔ አይረባም ብዬ የጣልሁትን እየለቀሙ ለእሱ ይወስዱለት ጀመር፤ ደስ ብሏቸው ነው የሚወስዱለት። ለእኔ የሚያመጡት ታዘው ነው።

የሥራው አካሄድ ደግሞ አንጀቴን አሳረረኝ። ቤት ሲሠራ መጀመሪያ ምሰሶና ማገር ይቆማል፣ ግድግዳው በኋላ ነው፤ ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። እሱ ግን ከሥር አንድ ወፍራም እንጨት አጋድሞ፣ ግድግዳውን ሳንቃ በሳንቃ ላይ እየደረበ ባዶ ላይ ያቆመዋል፤ አጥንቱን ከውስጥ የሚያስገባው ግድግዳው ካለቀ በኋላ ነው።

«ይፈርስብሃል» አልሁት።

«አይፈርስም፣ ወንድም ዓለም። እዚያ እንዲህ ነው የሚሠራው።»

አልፈረሰም። በደጁ ባለፍሁ ቁጥር ፈርሶ እንደሆነ ዞር ብዬ አይ ነበር። በየሳንቃው መጋጠሚያ ጥጥ እየወተፈ፣ ላዩን በበግ ሞራ እያሸ ሲደፍነው ሽታው እኔ ቤት ድረስ ይመጣል። በጎባ ደግሞ ሥራ የፈታ ሁሉ እዚያ መዋል ጀመረ። ወታደሩ፣ ደብተራው፣ የገበያ ሰው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሁሉም ቁጢጥ ብሎ ያያል። እኔ በር ስሠራ ቁጢጥ ብሎ ያየኝ ሰው አላስታውስም።

ከሁሉ የባሰው ሸራው ነው። ብርቄ ስትፈትል እጇ ቀጭን ነው፤ ይህን አገር ያውቃል። አያ ሐጎስ ቤቴ መጥቶ፣ በፊቴ፣ በአክብሮት፣ ለሸራው የሚሆን ድርና ማግ፣ ለገመዱም ክር እንድትፈትልለት ለመናት። እምቢ የምልበት ምክንያት ፈልጌ አጣሁ። ብርቄ ለእኔ የፈተለችውን ጋቢ ለብሼዋለሁ፤ ደህና ጋቢ ነው። ለዚያ ሳንቡክ የፈተለችው ክር ግን ወደ ብርሃን ካልያዙት የማይታይ ነበር።

«እንዲህ ያለውን ለእኔ ያልፈተልሽው ለምንድን ነው?» አልኋት።

«መቼ ጠየቅኸኝ?» አለች፣ ዓይኗን ከእንዝርቷ ሳታነሣ።

እሱ ግን ይጠይቃታል። ይኼኛው ገመድ ሸራውን ወደ ላይ የሚስበው ስለሆነ ወፈር ይበል፣ ያኛው ጫፉን የሚይዘው ስለሆነ ቀጠን ይበል እያለ ምክንያቱን ሁሉ ያስረዳታል። ራት ስንበላ ስለ ነፋስ ታወራልኝ ጀመር። ያገባኋት ሴት፣ በጎባ ብርድ፣ ነፋስ ከየት በኩል ሲመጣ ሸራ እንዴት እንደሚዞር ታስተምረኝ ጀመር። ቀናሁ። ሌላ ስም የለውም። ጠላ አልጥም እስኪለኝ ቀናሁ።

በዚህ መሐል የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ተከደነና የመቅደሱ በር ነገር ተነሣ። የመቅደስ በር ለአናጢ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ማስረዳት ይከብዳል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ተመኝቶት፣ የጎረቤት በርና የከብት በረት ሲሠራ ኖሮ ሞተ። ይህኛው የእኔ መሆኑን አልተጠራጠርሁም፤ ዝግባውን መርጬ፣ ሰንጥቄ፣ ጥላ ሥር እያደረቅሁት ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ፊታውራሪው በአያ ሐጎስ ደጅ ሲያልፉ ከበቅሏቸው ወርደው ሳንቡኩን አዩ። ብዙ ቆዩ። ሲነሡም «ይህን የሠራ እጅ የመቅደሱን በር ቢሠራው ምን ይመስል?» አሉ። ለማንም አልነበረም የተናገሩት። በማግስቱ ግን ወሬው ከተማውን አዳርሶ እኔ ቤት ገባ።

ግቢ ሄጄ እጅ ነሣሁና ያየሁትን ተናገርሁ። ዱላው አጭር ነው፤ በገበያ በአጭር ክንድ የሚለካ ሰው ምን እንደሚባል ጌታዬ ያውቃሉ አልሁ። ምሰሶውም ጠማማ ነው። ይህን የፈጠርሁት አይደለም፤ ሳንቡኩ መሐል ያቆመው ምሰሶ ወደ ፊት ያዘነበለ መሆኑን ያላየ አልነበረም፣ የሚናገር ጠፍቶ እንጂ። «አንድ ምሰሶ ቀጥ አድርጎ ያላቆመ ሰው የመቅደስ በር ሊያቆም ነው?» አልሁ። ፊታውራሪው አያ ሐጎስን አስጠሩት።

«ክንዱ የልጅነት ክንዴ ነው» አለ። «ያኔ የለካሁት በእሱ ነው፣ አሁንም የሠራሁት በእሱ ነው። ምሰሶውም እንዲሁ ነበር።»

ምስክር አለህ ተባለ። ምስክሩ ያለው ባሕሩ ዳር መሆኑን ተናገረ። ያኔ ፊታውራሪው ፈረዱ። ሳንቡክን በዓይኑ ያየ ሰው ተገኝቶ እውነት ነው ካለ በሩ የሐጎስ ይሆናል፤ ሐሰት ነው ካለ፣ ወይም ምስክር ከጠፋ፣ በሩ የደስታ ነው። ዝም ብል በሩ የእኔ ነበር። ዝም ማለት ግን አልቻልሁም፤ ተሸንፎ እንዲታይ ፈለግሁ። «ምስክር አለ» አልሁ። ጊኒር ውስጥ ሐጂ ኢብራሂም የሚባሉ ነጋዴ አሉ። መካ ደርሰው ሲመለሱ ከጂዳ በሳንቡክ ተሻግረው ምጽዋ የወረዱ ናቸው። የእኛ ወገን ስላልሆኑ ለአንዳችን አያደሉም። አምጣቸው ተባልሁ። ሰው መላክ ስችል ራሴ ሄድሁ።

ሐጂ ኢብራሂም ከጎባ ግቢ እንደተላክሁ ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። ለጊኒር ሰው ከጎባ ደግ መልእክት መጥቶለት አያውቅም። «ግብሬን ከፍያለሁ» አሉኝ ቀድመው። መርከብ እንዲያዩ ነው የተጠሩት ስላቸው ደግሞ ያሾፍሁባቸው መሰላቸው። በመንገድ ላይ ምሰሶው መጥመሙን፣ ክንዱ ማጠሩን፣ ግድግዳው ያለ አጥንት መቆሙን ሁሉ አወራሁላቸው። መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ሰሙኝ።

አዳራሹ ሞልቶ ጠበቀን። ፊታውራሪው ከአልጋቸው ላይ፣ ቄሱ በቀኛቸው፣ ወታደሩ በግራና በቀኝ ነው። ሐጂውን በር ሥር አቆሟቸው። ሳንቡኩ መሐል በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ሸራው ተወጥሮ፣ የብርቄ ክር በየቦታው ታስሮ። በደህና ዓይን ባየው ውብ ነበር።

«አንተ፣ ቅረብና እይ» አሏቸው ፊታውራሪው።

ሐጂው ጫማቸውን አውልቀው፣ ቢስሚላህ ብለው ጎንበስ አሉ። ከፊት ጀመሩ። ሳንቃውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፣ ሸራውን ነካ አደረጉት። እኔ ምሰሶው ጋ እስኪደርሱ እጠብቃለሁ። ደረሱ፣ አዩት፣ አለፉት። ከኋላው ሲደርሱ ግን ቆሙ፤ ግንባራቸው ተቋጠረ። አንገታቸውን አጥልቀው ደግመው አዩ።

«ዱጋ ሚቲ» አሉ። እውነት አይደለም ማለታቸው ነው። ኦሮምኛ የማይሰማ ሰው አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። እንደዚያን ጊዜ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ በሠርጌ ቀን እንኳ።

ፊታውራሪው ምኑ እውነት እንዳልሆነ ጠየቁ። ሐጂው ወደ ቄሱ አይተው አፈሩ፤ ተናገር ሲባሉ ግን ተናገሩ።

«ጌታው፣ ሰው እዚህ ላይ ብዙ ቀን ይኖራል። ይበላል፣ ይጠጣል። ታዲያ የት ይቀመጣል? ከኋላው፣ ከውጭ በኩል፣ ባሕሩ ላይ የተንጠለጠለ ሣጥን አለ። ሰው እዚያ ገብቶ ነው የሚቀመጥ። እኔ ሆዴን አሞኝ ከጂዳ እስከ ምጽዋ ከዚያ ሣጥን አልወጣሁም። እዚህ ላይ የለም። እሱ ከሌለ ሳንቡክ አይደለም።»

ማንም አልሳቀም፤ መሳቅ ይፈቀድ አይፈቀድ አልታወቀም። አያ ሐጎስ ፊቱ ደም መሰለ። የጋቢውን ጫፍ ፈታና ከቋጠሮው ውስጥ አውራ ጣት የምታህል ሣጥን አወጣ፤ ከሥሯ ቀዳዳ ነበራት።

«ካህናት ባሉበት ነውር መስሎኝ ዛሬ ጠዋት ነቀልኋት» አለ። ከሳንቡኩ ኋላ ሁለት ጥቃቅን ችካሎች ነበሩ፤ ልብ ብሎ ያያቸው አልነበረም። ሣጥኗን እዚያ ላይ አንጠለጠላት።

ሐጂው አይተው ሳቁ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፣ ቄሱም ተከተሉ፣ አዳራሹም ተከተለ። «ዱጋ ዳ!» አሉ። «አሁን እውነት ሆነ። ወላሂ እውነት ነው። እዚያች ላይ ያልተቀመጠ ሰው አይሠራትም።» ከዚያ በዐረብኛ አንድ ነገር ጠየቁት፣ እሱም መለሰላቸው፣ እንደገና ጠየቁት። ሁለቱ ከመላው ጎባ ተለይተው እኛ ወደማናውቀው ቦታ ሄዱ። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

«ምሰሶውስ?» አልሁ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

ሐጂው ዞረው አዩኝ። «ቀጥ የሚለው የቤት ምሰሶ ነው፣ አናጢው። ቤት አይሄድም። ይኼ ይሄዳል።»

ፊታውራሪው፣ መርከብ ሁሉ እያለ ይህንኑ ለምን እንደሠራ አያ ሐጎስን ጠየቁት። እሱ ብዙ አይናገርም፤ ያን ቀን ግን ተናገረ። «በክፉ ቀን ባሕሩ ዳር የደረስን ብዙ ነበርን» አለ። «የዚህ ሳንቡክ አለቃ ያጠመደውን ገበያ ሳያደርስ፣ ጠዋት ጠዋት ዳር ላይ ለወደቅነው ያራግፍልን ነበር። ቋንቋችንን አያውቅም፣ ሃይማኖታችንም አይደለም። እሱ ሞተ፤ ሳንቡኩም አርጅቶ ለማገዶ ተፈለጠ። ያ ሁሉ ሰው የበላበት መርከብ ምን ይመስል እንደነበር የሚያውቅ ከእኔ በቀር የቀረ አልመሰለኝም።»

ቄሱ አማተቡ። ፊታውራሪው በሩ የእሱ እንዲሆን፣ ሳንቡኩ ደግሞ በአዳራሻቸው እንዲቀመጥ ፈረዱ። ዓይኔን መሬት ላይ ተከልሁ። አባቴ ትዝ አለኝ። ጥላ ሥር ያደረቅሁትን ዝግባ እንዴት ተሸክሜ ለእሱ እንደምሰጠው አስብ ነበር።

«ጌታዬ፣ ዕድሜ ይስጥዎት» አለ አያ ሐጎስ። «እኔ በር ሠርቼ አላውቅም። በር የደስታ ነው። ሳንቡኩንም ለሐጂ ይፍቀዱልኝ። ሲያዩት የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።»

የጌታን ስጦታ መመለስ በዚያን ጊዜ በጅራፍ የሚያልቅ ነገር ነው። ሐጂው ራሳቸው ደንግጠው ወደ በሩ አፈገፈጉ። ፊታውራሪው አያ ሐጎስን አዩት፣ ሣጥኗንም አዩ። ከዚያም ወደ ሐጂው ዞሩ። «ይውሰዱት» አሉ፤ አንተ ማለታቸውን ትተው። እኔ ልከስበት ያመጣኋቸው ምስክር ሳንቡኩን በጋቢ ጠቅልለው፣ በበቅሎ ጭነው ጊኒር ገቡ። ክርስቲያኑ ሥራውን ለእስላም ሰጠ ተብሎ ብዙ ታማ። እሱ ወሬውን የሰማም አይመስል ነበር። ብርቄ ለሸራዋ አለቀሰች።

በሩን ሠራሁት። ጥሩ በር ነው፤ ዛሬም ቆሟል፣ ሲከፈት አይጮኽም፣ ሲዘጋ ክር አያሳልፍም። ሰው ሁሉ እጅህ ይባረክ ብሎኛል። እኔ ግን ስጠርበው፣ ስልገው፣ ስገጥመው ሁሉ «በር የደስታ ነው» የሚለው የእሱ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም። ታግዬ ባገኘው፣ ወይም ታግዬ ባጣው ይሻለኝ ነበር። ትቶልኝ ነው ያገኘሁት።

አያ ሐጎስ ከዚያ ወዲህ መሮ ጨብጦ አያውቅም። ገብሱን ይዘራል፣ ያጭዳል፣ በግ ያረባል፣ ማኅበር ሲኖር ይመጣል። መሣሪያዎቹንም ለጠየቀው ሰው አደላቸው፤ ለእኔም አንድ መሮ ደርሶኛል፣ ደህና መሮ ነው። መጀመሪያ ያረፈ መስሎኝ ነበር። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ አላስችል አለኝና ገብሱ ዳር ተቀምጦ ሳገኘው ሌላ ለምን እንደማይሠራ ጠየቅሁት።

«ምን ሌላ?» አለኝ።

«ሌላ ሳንቡክ። ሌላ ነገር። ያ እጅ እንዲሁ ይቀራል?»

ገረመው። ያሾፈ፣ የተኩራራ ቢመስለኝ ኖሮ ቀለል ይለኝ ነበር። መንገድ እንደጠየቁት ሰው ነው የመለሰልኝ።

«የምሠራው አንድ ነበር፣ ደስታ። ሠራሁት። ጨርሻለሁ።»

እስከዚያን ቀን የቀናሁት በእጁ ነበር፣ በሚስቴ ክር፣ በፊታውራሪው ዓይን። ያን ቀን ግን ቤቴ ገብቼ ደጃፌ ላይ የተደገፈውን ያላለቀ ሳንቃ ሁሉ ሳይ፣ ጨርሻለሁ የምትለዋ ቃል ምን ያህል እንደምትጎመዝዝ ቀመስኋት። የመቅደሱን በር ገጥሜ በወጣሁበት ሳምንት የከብት በረት መዝጊያ ጀምሬ ነበር። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። አንዱም ይበቃሃል ብሎኝ አያውቅም። እሱ ከእኔ የተሻለ አናጢ አልነበረም፤ ይህን ዛሬም እምልበታለሁ። ነገር ግን ደጁ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ሲሞቅ እጆቹ ጭኑ ላይ ዝም ብለው ይተኙ ነበር። የእኔ እጆች እንዲያ ተኝተው አያውቁም፤ ለዚህ ነው ሞቶም የምቀናበት።

ከቀብሩ ስመለስ ከገሰራ የመጣ ሰው ደጄ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። አዲስ ቤት ሠርቷል፣ በር ይፈልጋል። ድካሜን አይቶ ሌላ ቀን ልምጣ አለኝ። መግቢያው ስንት ክንድ እንደሆነ ጠየቅሁትና፣ ነገ እጀምርልሃለሁ አልሁት።